ባለ ካሬው ሱፍ ምን አጠፋ?

ሕግ የተማረ ሰው ዘመድ መካከል ሲኖር አንድ ዕዳ አለበት። ውርስ ሲነሳ ይጠራል፣ የኪራይ ውል ሲፈርስ ይጠራል፣ የዕቁብ ሰብሳቢ ብር ይዞ ሲሰወር ይጠራል። እኔም በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያልተጠራሁበት ጉዳይ የለም ብዬ አስብ ነበር። ባለፈው ዓመት ጥምቀት ሲቃረብ፣ የሠርጉ ወር ደጃፍ ላይ ሲደርስ ግን ታይቶ የማይታወቅ ክርክር ቀረበልኝ። ጭብጡ አጭር ነው፤ ሙሽራ በአረንጓዴ ባለ ካሬ ሱፍ ማግባት ይችላል ወይስ አይችልም?

ተከራካሪዎቹ አባትና ልጅ ናቸው። ልጁ የእህቴ ልጅ ሲሆን ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ ነው። ከስልኩ ላይ አንድ ፎቶግራፍ አሳየኝ፤ ፈካ ያለ አረንጓዴ ሱፍ፣ ላዩ ላይ ወይን ጠጅ መስመሮች አግድምና ቁልቁል ተሻግረው ትልልቅ ካሬ የሠሩበት። "አጎቴ፣ የማገባው አንድ ቀን ነው፤ እንደ ቀባሪ ለብሼ መቆም አልፈልግም" አለኝ። አባትየው ዕድሜያቸውን በባንክ ሥራ ያሳለፉ፣ አሁን ጡረታ የወጡ፣ ከማንም ጋር ተጣልተው የማያውቁ ጨዋ ሰው ናቸው። እሳቸው ደግሞ "በጥቁር ሱፍ ካላገባ እኔን አትጠብቁኝ። የወለድኩት ሙሽራ ነው እንጂ የሰርከስ ሰው አይደለም" ብለው ቃላቸውን ሰጡ።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ግን የጥሪው ካርድ ታትሟል፣ ለአዳራሹ ቀብድ ተከፍሏል፣ እህቴ ስልክ ላይ ታለቅሳለች፣ አባትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ስር እየኖሩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላምታ አቁመዋል። እኔም እንደ ደንቡ "ጉዳዩን መርምሬ ልመለስ" ብዬ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠሁ። ከዚህ በታች የምታነቡት የምርመራው ውጤት ነው። ("ዓ.ም." ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።)

መጀመሪያ የመረመርኩት የአባትየውን መከራከሪያ ነው። "ሱፍ ማለት ጥቁር ነው፤ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው" ይላሉ። "ከጥንት ጀምሮ" የምትለዋ ሐረግ ግን ማስረጃ ትፈልጋለች። ሱፍን ለዓለም የሰጠችው አገር እንግሊዝ ናት ብንል፣ የዚያች አገር ወንዶች ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ጣዎስ ነበር የሚለብሱት። ከፋይ፣ ሐር፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ እጀ ጠባብ፣ ቀይና ሐምራዊ… ቀለም ከመፈለጉ የተነሳ ሕግ እስከመውጣት ተደርሷል። በ1363 በሣልሳዊ ኤድዋርድ ዘመን የወጣው ሕግ ማን ምን ዓይነት ጨርቅ መልበስ እንደሚፈቀድለት በማዕረግና በሀብት ከፋፍሎ ይዘረዝራል። በ1533 ደግሞ በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን በወጣው ሕግ ሐምራዊ ሐር በመሠረቱ ለንጉሣውያን ቤተሰብ ተለይቶ ተያዘ። እነዚህ የአለባበስ ሕጎች የተሻሩት በ1604 ነው።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሕጉ ሲከለክል ሁሉም ቀለም ይመኝ ነበር። ሕጉ ከተነሳ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ግን ወንዶቹ ማንም ሳያዛቸው ቀለምን በራሳቸው ላይ ከለከሉ። ለዚህ ስሙ በብዛት የሚነሳው ከ1778 እስከ 1840 የኖረው ጆርጅ ብራመል ነው። ሰውየው መኳንንት አልነበረም። ነገር ግን ጠቆር ያለ ኮት፣ ንጹሕ ነጭ ሸሚዝና በጥንቃቄ የታሰረ የአንገት ጨርቅ ብቻ ለብሶ የለንደንን ባላባቶች በሐርና በዳንቴላቸው አሳፈራቸው። (መጨረሻው አላማረም፤ በ1816 ከዕዳ ሸሽቶ ፈረንሳይ ገባ፣ እዚያው በድህነት ሞተ። የጥቁር ሱፍ አባት በልብስ ቁጠባ የሚጠቀስ ሰው እንዳልነበር ለጋሼ አልነገርኳቸውም።) ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ እንደ ባላባት ማጌጥ ለአንገትም አስጊ ሆኗል። ቢሮና ፋብሪካም ተስፋፋ። ወንዱ ሁሉ ጸሐፊና ነጋዴ መሰለ። ፍሉገል የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1930 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ለውጥ በእኛ ቋንቋ "ታላቁ የወንዶች ምናኔ" ልንለው የምንችል ስም ሰጥቶታል።

ስለዚህ ጥቁር ሱፍ "ከጥንት" ሳይሆን ከሁለት መቶ ዓመት ወዲህ የመጣ፣ ያውም ከሰው አገር ታሪክ የመጣ ልማድ ነው።

የእኛስ ጥንት? የእኛ ጥንት ነጭ ነው። ቀለሙ ከዳር፣ ከጥለቱ ላይ ነው ያለው። መኳንንቱ ደግሞ ጃኖ ይለብሱ ነበር፤ ነጩን ኩታ ሰፊ ቀይ ጥለት የሚያቋርጠው። ከጌታ ፊት የቀረበ ሰው ልብሱን ከትከሻው አውርዶ ያደገድጋል፤ ሐዘንተኛ ጥለቱን ከላይ አድርጎ ይለብሳል። ሰው ኩታውን ያጣፋበትን መንገድ አይቶ ከሩቅ ጉዳዩን የሚያውቅ ሕዝብ ነበርን። እንዲህ ዓይነቱ ሕዝብ ለሐዘን፣ ለደስታ፣ ለሥራም ለችሎትም አንድ ዓይነት ጥቁር ሱፍ ብቻ ሲለብስ አንድ ነገር እንደጠፋበት ይሰማኛል።

ወደ ካሬው ልመለስ። ስኮትላንድ ውስጥ ሎክ ኔስ ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ግሌን ኧርካርት የተባለ ሸለቆ አለ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የዚያ ርስት እመቤት፣ የሲፊልድ ኮንቴስ፣ ርስቷን ለሚጠብቁትና አደኑን ለሚያሰናዱት ሰዎች አንድ ዓይነት ልብስ አሠራች። ጨርቁ ትንንሽና ትልልቅ ካሬዎች ተጠላልፈው የሚታዩበት፣ ከሩቅ ሲያዩት ከቁጥቋጦውና ከድንጋዩ ጋር የሚመሳሰል ነበር። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ርስት የራሱ የጨርቅ ንድፍ ነበረው። ዛሬ "ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ" እየተባለ የሚሸጠው ካሬ የዚህ የግሌን ኧርካርት ዝርያ ነው። በዓለም ላይ ያስፋፋው የዌልስ ልዑል የነበረው፣ በኋላ በ1936 ነግሦ ዓመት ሳይሞላው ዙፋኑን የለቀቀው ኤድዋርድ ስምንተኛ ነው። (በዚያው ዓመት የእኛ ንጉሠ ነገሥት በስደት እንግሊዝ አገር ነበሩ።) ልዑሉ በንግሥና አይመሰገንም፤ በልብስ ግን እስከዛሬ ይጠቀሳል። ካሬ በካሬ፣ መስመር በነጠብጣብ ላይ እየደረበ ይለብስ ነበርና ብዙ የዛሬ ለባሾች የእሱን ፎቶግራፎች እንደ መማሪያ ያዩዋቸዋል።

እንግዲህ ካሬ የመጣው ከአደን ሜዳ ነው። ከዚህ የተነሳ የእንግሊዝ ባላባት ሁለት ዓይነት ልብስ ነበረው፤ ርስቱ ላይ ሲሆን ባለ ካሬና ቡናማ፣ ለንደን ለጉዳይ ሲመጣ ጠቆር ያለ። "ካሬ ልብስ የቁም ነገር ልብስ አይደለም" የሚለው አመለካከት ሥሩ ይህ ነው። ማለትም የጋሼ መከራከሪያ የእንግሊዝ ባላባቶች የከተማና የገጠር ደንብ ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ርስቱም አደኑም ወድቆ ፍርሃቱ ብቻ ቀረ።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ባለ ቀጭን መስመር ሱፍስ ንድፍ አይደለም ወይ? የለንደን የባንክ ሰዎች ልብስ ሆኖ ስለቆየ ማንም አይስቅበትም። የጋሼን የድሮ ፎቶግራፎች እህቴ አሳይታኛለች፤ ባንክ ቤቱ ደጃፍ ላይ ባለ ነጭ ቀጭን መስመር ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ቆመዋል። ያማረባቸው ነበሩ። ይህን ፎቶግራፍ በማስረጃነት ይዤዋለሁ።

ንድፉ ከገጠር ወደ ከተማ በግልጽ የገባው ቆይቶ ነው። በ1969 ቶሚ ነተር የተባለ ወጣት፣ ኤድዋርድ ሴክስተን ከተባለ ጎበዝ ቆራጭ ጋር ሆኖ፣ የዓለም ልብስ ሰፊዎች መዲና በምትባለው በለንደኗ ሳቪል ሮው ጎዳና ላይ ሱቅ ከፈተ። ሰፋ ያለ የደረት እጥፋት፣ ጎላ ያለ ካሬ፣ የኮቱ አካል በአንድ ንድፍ ኪሱና እጥፋቱ በሌላ… ሽማግሌዎቹ ልብስ ሰፊዎች ደነገጡ። ነገር ግን ስፌቱን ቀርበው ሲያዩት የሚነቅፉት አላገኙም። በዚያው ዓመት በወጣው የቢትልሶች "አቢ ሮድ" አልበም ሽፋን ላይ መንገድ ከሚያቋርጡት አራቱ ሦስቱ የለበሱት የነተርን ሱፍ ነው። አራተኛው ጆርጅ ሃሪሰን ጂንስ ነው የለበሰው።

ለእኔ ግን ከለንደኑ ይልቅ ልቤን የነካው የጎረቤቶቻችን ታሪክ ነው። ኮንጎ ብራዛቪል ውስጥ ባኮንጎ የሚባል ሰፈር አለ። እዚያና ከወንዙ ማዶ ባለችው ኪንሻሳ "ሳፐር" የሚባሉ ሰዎች አሉ። ማኅበራቸው "ላ ሳፕ" ይባላል፤ በደምሳሳው የአድማቂዎችና የሽቅርቅሮች ማኅበር ማለት ነው። ሮዝ ሱፍ፣ ቢጫ ሱፍ፣ ቀይ ባለ ካሬ ሱፍ ለብሰው፣ ፒፓ ይዘው፣ አቧራማውን መንገድ ጫማቸው ሳይቆሽሽ ያልፉታል። ብዙዎቹ በሳምንቱ ቀናት ታክሲ ነጂ፣ ግንበኛ፣ አናጢ ናቸው።

ሰው ሲያያቸው "ያገኙትን የደረቡ" ይመስለዋል። ደንባቸው ግን ከአንዳንድ የመሥሪያ ቤት መመሪያ የጠበቀ ነው። ዋናው አንቀጽ፦ በአንድ ሰው ላይ ከሦስት ቀለም አይበልጥም። ሱፉ ሮዝ ከሆነ ሸሚዙ ነጭ፣ ከረባቱና ጫማው ቀይ፤ አለቀ። አራተኛ ቀለም የጨመረ ሰው ተላላፊ ነው። በጠባይም ደንብ አለ፤ ሳፐር ጨዋ መሆን አለበት፣ አይደባደብም። ጣሊያናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ዳኒየሌ ታማኒ በ2009 ስለ ባኮንጎ ሳፐሮች የፎቶግራፍ መጽሐፍ አውጥቶ ነበር። እንግሊዛዊው የልብስ ንድፍ ባለሙያ ፖል ስሚዝ ከዚያ ተነስቶ የ2010 የበጋ ልብሶቹን ሠራ። ለንደን ሱፍ ወደ አፍሪካ ላከች፤ ቀለሙ ተመልሶ ለንደን ገባ።

በኪንሻሳ በኩል ነገሩ የፖለቲካም ጣዕም ነበረው። ሞቡቱ በ1970ዎቹ "ወደ ራሳችን ባህል እንመለስ" ብሎ የአውሮፓን ሱፍና ከረባት አስወልቆ በምትኩ "አባኮስት" የሚባል ከረባት የማያስፈልገው ኮት አለበሰ። ስያሜው ከፈረንሳይኛ የተቆረጠ ነው፤ በእኛ የመፈክር ዘመን ቋንቋ ብንመልሰው "ሱፍ ይውደም!" ማለት ነው። ሕዝቡን ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ ለማልበስ በሚታገል መንግሥት ፊት፣ ሙዚቀኛው ፓፓ ዌምባና ተከታዮቹ በውድ ሱፍ፣ በቀለምና በንድፍ ተውበው መድረክ ላይ ወጡ። ክልከላው የላላው በ1990 ሞቡቱ ሌላውንም የፖለቲካ ገመድ ሲያላላ ነው። ፓፓ ዌምባ በ2016 አቢጃን ውስጥ መድረክ ላይ እየዘፈነ ወድቆ አረፈ።

ይህን ሳነብ የራሴ ልጅነት መጣብኝ። በ1977 ዓ.ም. አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲከበር የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ነበርኩ። አንድ ዓይነት ኮት፣ አንድ ዓይነት ቁልፍ፣ አንድ ዓይነት ቀለም የለበሱ ትልልቅ ሰዎች ተሰልፈው ሲያልፉ አስታውሳለሁ። የእኔና የጋሼ ትውልድ ሰው መካከል ጎልቶ መታየት ጥሩ ነገር እንዳልሆነ በጊዜ ተምሯል። ቤታቸው ቁጭ ብዬ "ሰው ምን ይለኛል" ሲሉኝ፣ ስለ ልብስ ብቻ እየተናገሩ እንዳልሆነ ገባኝ። ስለዚህ አልሳቅሁባቸውም።

(በሳፐሮቹ ላይ አንድ ተቃውሞ አለኝ። የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ሳይከፍል ውድ የፈረንሳይ ጫማ የሚገዛ ሰው ደንብ ቢያከብርም አላጨበጭብለትም። ከመካከላቸውም ይህን የሚነቅፉ አሉ።)

"ያ የአፍሪካ ነው፤ የሠለጠነው ዓለም ተሻግሮታል" የሚል አንባቢ ካለ ደግሞ ነሐሴ 28 ቀን 2014ን ላስታውሰው። በፈረንጅ አቆጣጠር በዚያ ቀን ፕሬዚዳንት ኦባማ ስለ ሶርያና ስለ አክራሪዎች ጦርነት ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጡ። የለበሱት ገለባማ ቀለም ያለው ሱፍ ነበር። ካሬ የለውም፣ መስመር የለውም፤ ጥቁር አለመሆኑ ብቻ ነው ጥፋቱ። የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች ከጦርነቱ እኩል ስለ ሱፉ አወሩ፤ አንድ የኒውዮርክ የምክር ቤት አባል የቁም ነገር ጉድለት አድርጎ ነቀፈው። እንግዲህ የጋሼ በሽታ የሐበሻ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ንድፍ ያለው ሱፍ መልበስ መብት ነው ማለት ሁሉም ንድፍ ያምራል ማለት አይደለም። እዚህ ላይ የምናገረው ከራሴ ቁስል ተነስቼ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ለልጄ ምርቃት ብዬ ግራጫ ባለ ሰማያዊ ካሬ ሱፍ አሰፍቼ ነበር። ልብስ ሰፊውን ስሙን አልጠራም፤ እኔም በርካሽ ነው የሄድኩት። ልብሱን ለብሼ ፊት ለፊት መስተዋት ሳይ ደህና ነበር። በበዓሉ ላይ የተነሳውን ፎቶግራፍ ሳይ ግን ጀርባዬ መሐል ላይ የግራው ካሬና የቀኙ ካሬ አልተገናኙም፤ በሁለት ጣት ያህል ተዛንፈዋል። የኪሱ ክዳን መስመር ከኮቱ መስመር ጋር አይተዋወቅም። በስህተት የተደረደረ ሸክላ እመስላለሁ። ልጄ ስቃ አለፈችው፤ እኔ ግን ሱፉን ዳግም አልለበስኩትም። ለዓመታት "ካሬ አይሆነኝም" ስል ኖርኩ። ጥፋቱ የካሬው አልነበረም።

ይህን ያስረዱኝ ፒያሳ ከ2016 ዓ.ም. ፈረሳ በፊት እዚያ ይሠሩ የነበሩ፣ አሁን ሌላ ሰፈር ቤታቸው ውስጥ የሚሰፉ ሽማግሌ ናቸው። ለዚህ ክርክር ብዬ ሄጄ አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ካሬ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ለሁለት አጠፉት፤ ከዚያ የላይኛው መስመር በታችኛው መስመር ልክ ላይ እስኪያርፍ ድረስ በመርፌ እየያዙ ብዙ ደቂቃ ፈጁ። "ልጄ፣ ጥቁር ጨርቅ ይሸፍንልሃል፤ ካሬ ግን ይመሰክርብሃል" አሉኝ። መጀመሪያ የጀርባው መሐል የት እንደሚውል ይወስናሉ። ከዚያ የፊቱ ሁለት ክፍሎች አግድም መስመራቸው ከጀርባው ጋር አንድ ከፍታ ላይ እንዲውል ይቆርጣሉ። የኪሱ ክዳን ለብቻው ተፈልጎ ይቆረጣል፤ ሲዘጋ መስመሩ ካልቀጠለ ይጣላል። እጅጌው ደግሞ እጅ ወደ ታች ሲንጠለጠል የደረቱ አግድም መስመር ሳይሰበር ወደ ክንዱ እንዲሻገር ሆኖ ይገጠማል። የአንገቱ ኮሌታም ከጀርባው መስመር ጋር ይያያዛል። ሁሉም ቦታ አይገጥምም፤ የትከሻው ስፌት ዘንበል ያለ ስለሆነ እዚያ ላይ ፍጹም መግጠም እንደማይቻል ራሳቸው ነግረውኛል። ዓይን የሚያርፍባቸው ቦታዎች ግን መግጠም አለባቸው።

ለዚህ ነው ካሬ ሱፍ የሚወደደው። አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ካለው ጨርቅ ለአንድ ወንድ ሙሉ ሱፍ ወደ ሦስት ሜትር ተኩል ይበቃል። ካሬው ትልቅ ከሆነ ግን መስመር ለማስገጠም ሲባል የሚጣለው ቁራጭ ስለሚበዛ ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። የሥራውም ሰዓት ይጨምራል። "ለካሬውም ለሌላውም ዋጋዬ አንድ ነው" የሚል ልብስ ሰፊ ካጋጠማችሁ ወይ ደግ ነው፣ ወይ ካሬውን አያስገጥመውም። የተሰፋ ልብስ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ኮቱን አዙራችሁ የጀርባውን መሐል፣ ቀጥሎ የኪሱን ክዳን እዩ። እነዚህ ሁለቱ ካልገጠሙ ሌላውን ለማየት አትድከሙ። ጨርቁንም ገልብጡት፤ ካሬው በሽመና የመጣ ከሆነ ጀርባው ላይም ይታያል። ፊቱ ላይ ብቻ የታተመ ከሆነ ጀርባው ነጣ ይላል፤ እንዲህ ያለው ፀሐይና እጥበት ሲያገኘው ደብዝዞ ያረጃል።

ስለ አለባበሱ ከሽማግሌውም፣ ከንባብም፣ ከራሴም ሙከራ ያገኘሁትን ልናገር። አንድ ንድፍ ሁለት ነገር አለው፤ መጠንና ድምቀት። መጠኑ ትልቅ ከሆነ ድምቀቱ መቀነስ አለበት። ጥቁር ሰማያዊ ላይ ትንሽ ፈካ ያለ ሰማያዊ መስመር ካሬው የእጅ መዳፍ ቢያህልም አይጮህም። ጥቁር ላይ ነጭ ከሆነ ግን ትንሹም ካሬ ይጮሃል። አምስት እርምጃ ርቃችሁ እዩት፤ ትንንሹ ካሬ ቀልጦ አንድ ቀለም ይሆናል፣ ትልቁ እንዳለ ይቆያል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለብስ ሰው የሚቀልጠውን ይያዝ። ሸሚዙ ነጭ ወይም ውሃ ሰማያዊ፣ ያለ ምንም ንድፍ ይሁን። ከረባቱ ንድፍ ካለው የንድፉ መጠን ከሱፉ ይለይ፤ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ንድፎች ጎን ለጎን ሲሆኑ ዓይን ያጭበረብራሉ። የከረባቱን ቀለም ከካሬው መስመር መዋስ ጥሩ ነው። ከረባትና የደረት ኪስ መሐረብ ከአንድ ጨርቅ ተቆርጠው በአንድ ማሸጊያ የሚሸጡት ግን፣ በእኔ ዳኝነት፣ ሊከለከሉ ይገባል።

ወፍራም ሰው ካሬ አይልበስ፣ አጭር ሰው መስመር ብቻ ይልበስ የሚለውን ምክር ብዙም አላምንበትም። ትከሻው ልክ ያልሆነ ሱፍ በማንም ላይ አያምርም። ስለ ቀለምም ፈረንጆቹ ለራሳቸው ገረጣ ቆዳና ለጭጋጋማ ሰማያቸው የጻፉትን መቅዳት የለብንም። ከአዲስ አበባ ፀሐይ ስር፣ በጠይም ቆዳ ላይ፣ ጥልቅ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅና ቡናማ ከግራጫ ይልቅ ሕይወት አላቸው። የእኛን የድሮ ዓይንም ብንከተል አንሳሳትም፤ ሰፊው መደብ ጸጥ ያለ፣ ቀለሙ ጠባብ ቦታ ላይ። ጥለት ማለት እኮ ይኸው ነው።

የማይለበስበትም አለ። ለቅሶ ቤት አልሄድበትም፤ ያዘነ ሰው ስለ ልብሴ እንዲያስብ አልፈልግም። ችሎት ፊትም እንዲሁ፤ ባለጉዳዩ እንዲታይ እንጂ ጠበቃው እንዲታይ አይደለም የተሄደው።

በቀጠሮው ቀን ሁለቱንም ወገን እህቴ ቤት አስቀመጥኳቸው። ለልጁ በፎቶግራፉ ላይ ያለው ፈካ ያለ አረንጓዴ ከትልቅ ወይን ጠጅ ካሬ ጋር ሁለቱም የሚጮሁ መሆናቸውን፣ ሙሽሪትም ነጭ ለብሳ አጠገቡ እንደምትቆም፣ ቀኑ የእሷም መሆኑን ነገርኩት። ይህን የመጨረሻውን አላሰበበትም ነበር። ለጋሼ ደግሞ ያንን የባንክ ቤት ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። "ጋሼ፣ ይኼ መስመር ምንድን ነው?" አልኳቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ረጅም ጊዜ አዩት። "ይኼማ የዘመኑ ነበር" አሉ። ከዚያ ራሳቸው የተናገሩትን ሰሙት፤ እህቴም ሰማች።

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ። ጨርቁ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከሩቅ ጥቁር የሚመስል፤ መስመሩ ወይን ጠጅ ሆኖ እንደ ፀጉር የቀጠነ። ሸሚዙ ነጭ። ሚዜዎቹ ንድፍ የሌለው ግራጫ። የሚሰፉት የፒያሳው ሽማግሌ፤ ገንዘቡን የሚጨምረው አጎት። (ዳኛ ወጪና ኪሳራ ሲከፍል አይታችሁ አታውቁም።)

ጋሼ ሠርጉ ላይ ተገኙ። ሙሽራው ሲገባ ቆመው አጨበጨቡ፣ ስለ ልብሱ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። በመልሱ ዕለት ልጁ ያንኑ ኮት ደርቦ መጣና አጠገባቸው ተቀመጠ። ምግቡ እስኪቀርብ ድረስ ጋሼ ወደ ልጃቸው ዘንበል ብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ከደረቱ ላይ አንዱን ቀይ መስመር በጣታቸው ያዙና ቀስ እያሉ ወደ ጎን ተከተሉት። ጣታቸው ስፌቱን ተሻግሮ እጅጌው ላይ ወጣ፣ ክንዱን ዞረ።

"አይቋረጥም እንዴ?" አሉት።

"አይቋረጥም፣ አባዬ" አላቸው።